እጄን ጭኔ ላይ

በርገን ዝናብ ነው፤ ጥቅምት ከገባ አላባራም፣
አሸንዳው ይንጎደጎዳል፣ ከኛ ቤት ግን ድምፅ አይሰማም።
ሾርባው ይበርዳል።
ረድኤት አፏን ገጥማ ሳህኑን ታያለች፤
ሳህን ሳይሆን ውሻ ፊቷ የቆመ ያህል
ጀርባዋን ከወንበሩ አጣብቃ ይዛለች።

አራት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ባለፈው ሚያዝያ
ከመዋያዋ ግቢ፣ ከዥዋዥዌው ወዲያ፣
አንዲት የወይን ፍሬ ጉሮሮዋን ዘጋች።
ከንፈሯ ጠቆረ፤ ሞግዚቷ ጀርባዋን መታች፣ መታች፣ መታች፤
ፍሬዋ ወጣች።
ፍርሃቱ ግን ቀረ፤
ማንም ሳያየው እዚያው ጉሮሮ ውስጥ አደረ።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ብቻ፦ ቅርፊቱ የተላጠ ዳቦ፣
ምንም ያልነካው ፓስታ፣
ክዳኑ ሰማያዊ የሆነ እርጎ።
ፋብሪካው ክዳኑን አረንጓዴ ያደረገ ለት
በውሃ ብቻ ዋለች፤ በውሃ አነጋች ሁለት ሌሊት።

"ቅምጥል አድርጋችኋት ነው" አለኝ ታላቄ በስልክ፤
"አስርባት፣ ራሷ ትመጣለች እግርህ ሥር ልትንበረከክ።"
አስራብኳት። አልመጣችም።
አንድ ማታ ታዲያ፣ ትርሲት የሌሊት ተረኛ ሆና ሳለች፣
አቅፌ፣ ክንዷን ጠፍሬ፣ አገጯን በጣቴ ከፍቼ
በማንኪያ ጋትኳት።
ጮኸች፤ ከዚያ ዝም አለች።
ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ።
እጄን አየሁት፤ የኔ አይደለም፤
የአክስቴ የጥሩነሽ እጅ ነው፤ አፍንጫዬን ይዛ
በሰባት ዓመቴ ኮሶ ስትግተኝ፣
"ለጥቅምህ ነው" እያለች።
ለጥቅሜ ነበር። ቢሆንም እስካሁን
ሽታው ትዝ ሲለኝ ጥርሴ በራሱ ይገጥማል።

ክሊኒኳ ተራራ ከሚወጣው ባቡር ሥር ናት።
ሴትዮዋ ራግንሂልድ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣
ምን ትበላለች አላለችንም፤
"ምን ይታያታል?" ብላ ጠየቀች፤
የሁለታችንም አንገት ወደ መሬት ተደፋ።
"እምቢተኛ አይደለችም ልጃችሁ፤ ዘበኛ ናት" አለችን፤
"የገዛ ጉሮሮዋን ነው የምትጠብቀው።
ዘበኛን ደብድበው አይደለም የሚያሳምኑት፣
በሩ ላይ አብረው ቁጭ ብለው ነው የሚለምዱት።
የሚቀርበውን እናንተ ምረጡ። የሚገባውን እሷ።
ማጉረስ የለም።"

ማጉረስ የለም!
ይህን ለኔ ወገን ንገሪው፣
ዘመድን በጉርሻ ለሚለካ፣
"አንድ ያጣላል" ብሎ ሁለት፣ ሦስት ለሚደግም፤
እጁ ባዶ የሆነ ሰው ፍቅሩን በምን ይሸከም?
"እጅህን ጭንህ ላይ አድርገው" አለች። "ይከብዳል፣ አውቃለሁ።"
አደረግኩት። ከበደ።

ዛሬ ስድስተኛ ሳምንታችን ነው ከአንዲት አተር ጋር።
መጀመሪያ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከጨው ዕቃው ጥግ፤
ቀጥሎ ሳህኗ ዳር።
ስም አወጣችላት፦ እሜቴ ድቡልቡል።
በጣቷ ገፋቻት፤ አሸተተቻት፤ አንድ ሐሙስ
በከንፈሯ ነክታ መለሰቻት።
አላጨበጨብንም። ጭብጨባም ማጉረስ ነው።
ትርሲት "ጨው አቀብለኝ" አለችኝ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።
በማግስቱ ዳቦውንም እምቢ አለች።
እንዲህ ነው፤ ወደ ፊት አንድ፣ ወደ ኋላ አንድ ተኩል።

ዛሬ ግን፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲመሽ፣
በፊት ጥርሷ ሰነጠቀቻት።
ግማሿ የት እንደደረሰች አላየሁም፤ አልጠየቅሁም።
የቀረችውን ግማሽ፣ በምራቅ የራሰችውን፣
በሁለት ጣቷ አንስታ ወደኔ ዘረጋች።
"አንተ፣ አባ።"
አፌን ከፈትኩ።
አጎረሰችኝ፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ
እስክውጥ ድረስ ጉሮሮዬን ጠበቀች።
"ወረደ?"
"ወረደ።"